የአያልነህ ነገዎች

መርዕድ አሥራ አንደኛው ፎቅ ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ሊፍቱ ከተበላሸ ከርሟል። «ነገ እሠራዋለሁ» ያለው አያልነህ ነበር፤ አያልነህ ሞተ። የአያልነህ የውርስ አጣሪ ሆኖ የተሾመው ደግሞ መርዕድ ነው። ስለዚህ ደረጃው ለመርዕድ ተረፈ።

«በቁምህም አደከምከኝ፣ ሞተህም አላሳረፍከኝ» አለ ለግድግዳው።

ትንፋሹ ሲመለስለት ኮሌታው ላይ የተሰካውን ምስክር በጣቱ ነካ አድርጎ መኖሩን አረጋገጠ። ምስክር የአተር ፍሬ የሚያክል መሣሪያ ነው። ሰው የሚለውን ሁሉ ይሰማል፤ ከሚሰማው ውስጥ የተገባ ቃል የሆነውን ለይቶ ይይዛል፤ በያዘ ቁጥር ጢው ይላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ ሹራብ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም፤ ያለ ምስክርም እንደዚያው።

እትዬ የሺመቤት በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁት ነበር። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ፀጉራቸው ግን በወጉ ተሠርቷል።

«ግባ ግባ፣ ብርዱን አታስገባብኝ። ምን ልስጥህ?»

«ምንም አይቸገሩ እትዬ። ለአንዲት ጉዳይ ነው።»

«የሊፍቱ ነገር ነዋ።»

«አዎ። ሟች 'ነገ መጥቼ እሠራልዎታለሁ' ብሎዎት ነበር። እንግዲህ ወይ እኔ በእሱ ፈንታ ማሠራት አለብኝ፣ ወይ እርስዎ ይተዉለታል። ማሠራቱን ሞክሬ አቃተኝ። እባክዎ ይተዉለት።»

«ነፍሱን ይማረው።»

ምስክሩ ዝም አለ።

«እሱ አይቆጠርም እትዬ።»

«ይቅር ብዬዋለሁ፤ አፈሩን ያቅልልለት።»

«እሱም አይያዝም። 'ትቼለታለሁ' ነው የሚባለው።»

አሮጊቷ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ተዉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ከዚህ ቤት ሳልወጣ ስንት በዓል አለፈ መሰለህ። ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ 'ዛሬ አያልነህ ይመጣል' እላለሁ። እንደማይመጣ ጠፍቶኝ እንዳይመስልህ። የሕንፃው አስተዳደር ሰዎች ስደውልላቸው 'ሁኔታው ሲፈቅድ ሊታይ ይችላል' ይሉኛል። እሱን ይዤ ምን ላድርገው? በአያልነህ ነገ ግን ፀጉሬን እሠራ ነበር።»

መርዕድ ለደንቡ ያህል ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ነገር ከእጃቸው እንደሚያስረክቡ ሁሉ፣ «ትቼለታለሁ» አሉ። ምስክሩ ጢው አለ። መርዕድ አመስግኖ ሲወጣ እትዬ የሺመቤት በሩ ድረስ አልሸኙትም።

ሰው ሲሞት ቀብሮ፣ ሠልስት አውጥቶ፣ ንብረቱን ለወራሽ ማስረከብ የጥንት ሥራ ነው። መርዕድን ያደከመው እሱ አልነበረም። የአያልነህን ልብስ ለነዳያን ሰጠ፤ መፍቻና ጉጠቱን ለሙያ ጓደኞቹ አከፋፈለ፤ ውኃና መብራቱን አዛወረ። ይህ ሁሉ ሳምንትም አልፈጀበት። የከበደው የሟቹ አንደበት ነው። የሰውን ቃል ሁሉ በየማኅደሩ በሚያኖረው ቃል ጽሕፈት ቤት መግቢያ ላይ በትልቁ እንደተጻፈው፣ ሟች የገባው ቃል በአጣሪው እጅ ይጸናል። አያልነህ ደግሞ ቃል ሲገባ የኖረ ሰው ነው።

በዚህ ዘመን ሰው አፉን የሚጠብቀው ከኪሱ አብልጦ ነው። ሁለት ጓደኞች ሲለያዩ «ብንገናኝ ደስ ይለኛል፤ ቃል አይደለም» ይባባላሉ። እናት ልጇን ስታስተኛ «ጠዋት ስትነሣ አጠገብህ ልኖር እችላለሁ» ትላለች። ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን የሚናገሩትን ጠበቃ አርቅቆ ይሰጣቸዋል፤ እንግዶቹም ሲጨርሱ ያጨበጭባሉ። ማንም አይዋሽም፤ ማንም አይቀርም፤ ምክንያቱም ማንም እመጣለሁ አላለም።

አያልነህ ብቻ ይህ ሁሉ ያልገባው ይመስል ነበር። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከአንዱ ሕንፃ ወደ አንዱ ሕንፃ ሲሮጥ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ነገ እመጣለሁ»፣ «ለእኔ ተወው»፣ «ምን ችግር አለው፣ እጨርስልሃለሁ» ሲል ይውላል። ኮሌታው ላይ ያለው ምስክር ቀኑን ሙሉ ጢው ጢው እያለ እንደ ጫጩት ይጮኻል። ከቃሉ ውስጥ የፈጸመው ጥቂቱን ነው። ቅጣት ሲመጣበት ይቀጣል፤ ከቅጣት ቢሮ ሲወጣ ለቀጪው «ሳምንት ምሳ እጋብዝሃለሁ» ብሎት ይወጣል።

መርዕድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው፤ እንዴት እንደተስማሙ ግን የሚያውቅ የለም። መርዕድ በአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። ተሳፋሪ «አውቶቡሱ መቼ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቀው «መንገድ ላይ ነው» ይላል እንጂ አንድም ቀን ሰዓት ጠርቶ አያውቅም። ማኅደሩ ባዶ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከጽሕፈት ቤቱ «ንጹሕ ዜጋ» የሚል የምስጋና ወረቀት ይላክለታል፤ እሱም በመስታወት አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል። ባለቤቱ አስካለ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ወረቀቶቹን ስታይ ቆይታ «እኔ ግድግዳውን ነው እንዴ ያገባሁት?» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ካረፈች በኋላ ነው ቀልድ እንዳልነበረ የገባው፤ የገባው ቀን እህል አልቀመሰም።

አያልነህ ሆስፒታል ተኝቶ «አንተ ታጣራልኛለህ አይደል?» ባለው ጊዜ መርዕድ እንደ ልማዱ «እናያለን» አለው። አያልነህ በዚያ በከሳ ፊቱ ሳቀና ለነርሷ «ሰማሽ? እሺ አለ!» ብሎ ነገራት። በማግሥቱ ኑዛዜው ላይ ስሙን አጻፈ።

እነሆ የክረምቱ ዝናብ ጀምሯል፤ መርዕድም በዚያ «እናያለን» ምክንያት ከበር በር ሲንከራተት ከርሟል። ለአንዱ ቧንቧ አስጠገነ፣ ለአንዱ ድመት ፈለገ። አብዛኛው ሰው ግን «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ፣ ትቼለታለሁ» ይልና ይገላግለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው መርዕድ በልቡ ይመርቀዋል።

አልተውም ካሉት ውስጥ አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ይርዳው ነበር። አያልነህ ፀጉሩን እየተቆረጠ «ልጅህን ስትድር ብሞት እንኳ አልቀርም፤ እስክስታውን የምመራው እኔ ነኝ» ብሎታል። ይርዳው ምላጩን እያጠበ እንዲህ አለ፦

«ይሄን ብተውለት ማን ሊጨፍርልኝ ነው? የጠራሁት ሰው ሁሉ 'ከተመቸኝ' ነው ያለኝ።»

እውነቱን ነው። በሠርጉ ቀን ከአዳራሹ ወንበር ግማሹ ባዶ ነበር። መርዕድ የሟቹን ቃል ሊፈጽም መሐል ገብቶ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ አንድ ሁለት ሰው ፈራ ተባ እያለ ተከተለው። ይርዳው ጥግ ላይ ቆሞ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። መርዕድ ወገቡን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ለብዙ ቀን ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ማለት አልቻለም። ያም ቢሆን ምስክሩ ጢው ብሎ ዘጋለት።

ከእትዬ የሺመቤት ቤት በቀጥታ ወደ ቃል ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጉዳዩን የያዘችለት ፌቨን የምትባል ጨዋ ልጅ ናት፤ ንግግሯ ሁሉ እንደ ሥራዋ የተመጠነ ነው።

«ጋሼ መርዕድ፣ በእኔ አስተያየት ሊጠናቀቅ የተቃረበ ይመስላል» አለችው። «አንድ ቀርቷል።»

«ተመስገን! የማን ነው?»

«የወራሿ። የማስተዋል። ሟች 'አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ' ብለዋቸዋል።»

መርዕድ እፎይ አለ። ማስተዋል የአያልነህ የእኅቱ ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት እሱ ነው፤ «አባዬ» እያለች ነው ያደገችው። ቤቱን የምትወርሰውም እሷ ናት። ለቤቱ ስትል አንዲት ቃል መተው ማንን ይገድላል?

«ሰኔ ሠላሳ በጀት ዓመቱ ይዘጋል» አለች ፌቨን። «እስከዚያ ውርሱ ካልተዘጋ ቤቱ ተመዝግቦ ለሚጠብቅ ተረኛ ይተላለፋል። ተረኞቹ አሁንም ስልክ ይደውላሉ።»

ማስተዋል የምትኖረው በዚያው በአያልነህ ቤት፣ ደረጃው መርዕድን በገደለበት የእትዬ የሺመቤት ሕንፃ ላይ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ «ልመለስ እችላለሁ» ብሏት ሄዷል፤ እሷም ነፍሰ ጡር ሆና ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። መርዕድ በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ሲደርስ አልጋው ላይ ጋደም ብላ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አገኛት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? እግርሽ አብጧል እኮ።»

«ደረጃው ነው ጋሼ። አንተስ? ፊትህ ጠቁሯል።»

«ለእኔም ደረጃው ነው። በይ አሁን ልንገላገል ነው። አንዲት ቃል ቀርታለች፤ 'ትቼለታለሁ' በዪልኝና ቤቱ በስምሽ ይዙር።»

የትኛዋ ቃል እንደሆነች አልጠየቀችውም። ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«አልልም።»

«ምን?»

«አልልም ጋሼ። ሌላውን ሁሉ ትቼለታለሁ። ሲኒማ እወስድሻለሁ ያለኝን፣ ብስክሌት እገዛልሻለሁ ያለኝን፣ ሁሉንም። ይቺን ግን አልተውም።»

«ማስተዋል፣ ሰውየው ሞቷል። እንዴት አድርጎ ነው የሚኖርልሽ?»

«አውቃለሁ መሞቱን። እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩት።» ትራሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ሐኪሟ 'ሕፃኑ ደኅና ሊሆን ይችላል' ትለኛለች። አለቃዬ 'ከወሊድ በኋላ ቦታሽ ሊጠበቅ ይችላል' ይለኛል። ባሌ ያለኝን ታውቃለህ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ምናልባት ያናገረኝ አንድ ሰው ነው። እሱን በአፌ ሰርዢው ትለኛለህ?»

«ቤቱን ትነጠቂያለሽ! ይህን ሆድ ይዘሽ የት ልትወድቂ ነው?»

«ይንጠቁኝ።»

መርዕድ ተናደደ። አያልነህ ላይ ተናደደ፣ እሷ ላይ ተናደደ፣ ሁለቱም የሚያዘንቡት ዝናብ ይመስል ዝናቡም ላይ ተናደደ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደግሞ ለመነ። እሷ ግን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ ጃንጥላውን አንሥቶ ሲወጣ «እናያለን» አላት፤ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ቀፈፈው።

ሰኔ እያለቀ ሄደ። መርዕድ ዕለት ዕለት ይደውላል፣ ማስተዋል ዕለት ዕለት እንቢ ትላለች። በመጨረሻው ቀን ጠዋት መርዕድ ፌቨን ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከተቀመጠበት መነሣት አላማረውም።

«ሌላ መንገድ የለም?»

ፌቨን ትንሽ አመነታች። «በሕጉ አለ። በሕይወት ያለ ሰው ቃሉን ሊረከብ ይችላል። እኔ እዚህ ከተቀጠርኩ ወዲህ ግን የተረከበ ሰው አላየሁም።»

«እንዴት ነው የሚረከበው?»

«እዚያው ተቀባይዋ ፊት በራሱ አፍ ይለዋል። ይኸው ነው። ግን ጋሼ…» ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ልክ የሌለው ቃል ነው። እስከ መቼ አይልም፣ በምን አይልም። አንዴ ከገባ ከማኅደርዎ አይወጣም። ከትናንት ወዲያ የዘንድሮውን የምስጋና ወረቀትዎን ለኅትመት ልኬዋለሁ። የእርስዎን ማኅደር ለአዲስ ሠራተኞች እንደ ምሳሌ ነው የምናሳየው።»

«ባዶውን?»

«አዎ፣ ባዶውን።»

መርዕድ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ይህችም ቤት ግድግዳዋ በመስታወት በተደረጉ የምስጋና ወረቀቶች የተሞላ ነበር። አስካለ ትዝ አለችው። ተነሥቶ ወጣ።

አሥራ አራተኛው ፎቅ ሲደርስ የማስተዋል በር ክፍት ነበር። ዕቃዋን እየሸከፈች ነው። ብርድ ልብሶቹ ተደራርበው በሲባጎ ታስረዋል፤ የአያልነህ ብረት ድስት ላያቸው ላይ ተቀምጧል። ተረኞቹ ነገ ጠዋት ሊመጡ እንደሚችሉ ነግረዋታል።

«ጋሼ፣ ልትለምነኝ ከሆነ በእናትህ ተወኝ። ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል። ልለምንሽ አልመጣሁም። ቃሉን ልረከብ ነው።»

ገመዱን እንደያዘች ቀረች። «አንተ?»

«እኔ። ምነው?» ጉሮሮውን ጠረገ። የስምሪት ክፍል ማይክ የያዘ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማስተዋል፣ እኔ አለሁልሽ… እንግዲህ በተቻለኝ መጠን።»

«ቃል አልተገኘም» አለ ምስክሩ፤ ቃል መረካከብ ሲሆን በሰው ድምፅ ይናገራል።

መርዕድ ላብ አሰመጠው። «ጤናዬ ከፈቀደ አለሁልሽ።»

«ቃል አልተገኘም።»

«እኔ… ያው እንደሚታወቀው…»

ማስተዋል ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «ተወው ጋሼ። ደግ ሰው ነህ፤ ግን አትችልበትም።»

ነገሩ ቆጨው። ሰባ ዓመት ሙሉ በንጽሕና የጠበቀው አፍ አሁን ሲፈልገው ከዳው። ድስቱን ወለሉ ላይ አወረደና ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቃት።

«እሱ እንዴት አድርጎ ነበር ያለሽ?»

«አባዬ?» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ባሌ የሄደ ሰሞን ነው። እዚያ ምድጃው ጋ ቆሞ ወጥ ያማስላል። እኔ ከኋላው ሆኜ ማርገዜን ነገርኩት። ዞር እንኳ አላለም። 'አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ይልቅ ጨው አቀብዪኝ' አለኝ።»

«በቃ?»

«በቃ። ከዚያ ወጡን ጨው አበዛበት።»

መርዕድ ፈገግ አለ፤ አያልነህ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቀው። እስከ ዛሬ ሲሮጥለት ነው የከረመው፤ ለማዘን ጊዜ አላገኘም ነበር። አሁን እንባው መጣ። እሷ እንዳታይበት ጀርባውን ሰጣትና በእጁ ያገኘውን ሲባጎ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ የደነዘዙ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

«እንዴት ያለ አስተሳሰር ነው ይሄ?» አለ፣ ወደ ቋጠሮው እንዳጎነበሰ። «የትም አትሄጂም። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ይልቅ ነይ ይቺን ፍቺልኝ።»

ምስክሩ ጢው አለ።

ሁለቱም ደነገጡ። በመርዕድ ኮሌታ ላይ፣ በዕድሜው ሙሉ የራሱን የመርዕድን ቃል ሲይዝ ሰምተውት አያውቁም። «የሟች አያልነህ ቃል ወደ መርዕድ ተዛውሯል» አለ ምስክሩ በዚያ ደረቅ ድምፁ። «ውርሱ ተዘግቷል።»

ማስተዋል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቋጠሮውንም ፈታችለት። አብረው ብርድ ልብሶቹን ወደ አልጋው መለሱ፤ ድስቱንም ምድጃው ላይ አስቀመጡት። የሚሠራው ሲያልቅ መርዕድ ኮቱን ደርቦ ጃንጥላውን ፈለገ። ሸክሙ የቀለለለት አልመሰለውም። እንዲያውም ትከሻው ላይ አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ ከደረጃው ሁሉ የሚከብድ ነገር። ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያስበው ሰው አለው።

ማስተዋል በሩ ድረስ ሸኘችው።

«ቀስ ብለህ ውረድ ጋሼ። ደረጃው ርጥብ ነው፤ ሊፍቱም እንደሆነ…»

«ነገ አሠራዋለሁ» አላት።

ምስክሩ ጢው አለ። መርዕድ ሰማው፤ አላረመውም። ብረቱን ይዞ መውረድ ጀመረ። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የእትዬ የሺመቤትን በር አንኳኳና ከውስጥ «ማነው?» ሲሉት፣ ነገ ጠዋት ፀጉራቸውን እንዲሠሩ ነገራቸው። መርዕድ ስለ ሊፍት አንድም ነገር አያውቅም።